አራቱ ምክንያቶች

ጃካርታ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ ለሻፍሪል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዶሚኖውስ? ባለፈው ደብዳቤዎ «አሸነፍኩት» ብለው ማንን እንዳሸነፉ ሳይጽፉ ፖስታውን አሽገውታል። ይህን ያህል ካኮራዎ በስም ይጻፉልኛ! እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዘገየሁት በስንፍና ነው። ሌላ ምክንያት ብፈጥር አያምኑኝም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ደብዳቤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያውቃል። ስልክ እንዳልደውል ደግሞ ጆሮዎ እምቢ ብሏል።

የጠየቁኝን ልመልስ። ኧረ ከሥራ አላባረሩኝም። የወንድ ነገርም የለበትም። እናቴ «ድምፅዋ ልክ አይደለም» ካለችዎ ልክ ናት፣ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ስላለ ነው።

ባንኩ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምሠራ ያውቃሉ። ሰው በስልኩ ብድር የሚጠይቅበትን ፕሮግራም የምንጽፈው እኛ ነን። ገንዘቡን የሚያውቁት ሰዎች ያሉት ደግሞ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እነሱ የእኛን ኮምፒዩተር አያውቁም፣ እኛ የእነሱን ሥራ አናውቅም፤ በመሃላችን የሚመላለሰው ሊፍቱ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ከእኛ አገር፣ ከፓያኩምቡህ አካባቢ፣ የአንዲት ሴት ማመልከቻ መጣ። ስድሳ ዓመቷ ነው፣ የሽመና ዕቃ ልትገዛ ነበር። ከእናቷ የወረደ የሩዝ ማሳ አላት። ማሳው ግን የጎሳው ስለሆነ በስሟ የተጻፈ ወረቀት የለውም፤ እንደ እናቴ ማሳ ማለት ነው። ፕሮግራሙ «ንብረት የላትም» ብሎ በአንድ ሰከንድ መለሳት።

አጎቴ፣ ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በምጽፍልዎ እጄ። ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቼ «ይሄ ስህተት ነው» ብላቸው «አንቺ ኮድሽን ጻፊ» አሉኝ። እነሱ በሚገባቸው ቋንቋ ላስረዳቸው አልቻልኩም። አፍሬ ወረድኩ።

ስለዚህ ልማር ነው። ቴክኖሎጂውንና ፋይናንሱን አንድ ላይ። ሁለት ቦታ አመልክቻለሁ። አንዱ እዚሁ ጃካርታ ነው፤ የማታ፣ ሁለት ዓመት፣ ሥራዬን ሳልለቅ። ሌላው ሲንጋፖር ነው፤ አንድ ዓመት፣ ግን ሥራ ለቅቄ፣ ክፍያውም ባንዴ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። በወጋችን የልጅ ጉዳይ መጀመሪያ የእናት ወንድም ዘንድ ነውና ለእርስዎ አስቀደምኩ። ይቆጡኝ፣ ግን ቶሎ ይቆጡኝ።

የእህትዎ ልጅ ዊርዳ


ከመንደር፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለዊርዳ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ያሸነፍኩት ኢማሙን ነው። በስም ያልጻፍኩት ኢማም ስለሆነ ነው። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ተቆጥቻለሁ። «ሃያ ስምንት ዓመትሽ ነው፣ ደሞዝ አለሽ፣ ወንበር አለሽ፣ በራስሽ ላይ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን አለሽ፣ ሰው የሚማረው ለዚህ አይደል ወይ? ደሞስ ነጋዴም መካኒክም የማያደርግ ትምህርት ምን ይሉታል?» ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌልሽ ነበር። ከዚያ የሴትዮዋን ነገር ደግሜ አነበብኩት። የጻፍኩትን ቀደድኩና ይኸው እንደገና ጀመርኩ። «ንብረት የላትም» አላት? እናቷና አያቷ እዚያ ጭቃ ውስጥ ወገባቸው የጎበጠው ለማን ኖሯል! ለእናትሽ አነበብኩላት። «ስለኔ ነው የጻፈችው» አለች። እንዳኮረፈች እንዳታስቢ፣ መማርሽን ወደደችው።

«ክፍያው ባንዴ» ስትዪ ዓይንሽ ወዴት እንዳየ ገብቶኛል። ታችኛው ማሳ ላይ ነው። የጎሳ ማሳ አይሸጥም። በመያዣ የሚሰጠውም ለአራት ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ ሳለሽ በቃልሽ ትይው ነበር። አንደኛ፣ በቤት መሃል አስከሬን ተጋድሞ ማስቀበሪያ ሲጠፋ። ሁለተኛ፣ ያደገች ልጅ ባል አጥታ ስትቀመጥ። ሦስተኛ፣ የጎሳው ትልቅ ቤት ሲያፈስ። አራተኛ፣ የጎሳው አለቃ ሞቶ ሌላ ሲሾም። ትምህርት የሚባል የለበትም።

ቢሆንም የጎሳችንን አለቃ ዳቱክን ጠየቅኩት። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና «ሁለተኛው አይሆነንም?» አለኝ። «ልጅቷ አድጋለች፣ ባልም የላትም። ለስሙ አንድ ሙሽራ እንፈልግና ማሳውን እናስይዝ፣ ከዚያ ሙሽራው ይጥፋ።» የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ! ለሙሽራነት ያሰበው ደግሞ ማንን መሰለሽ? ያንን ዳክዬ ሻጩን። እስቲ አስቢበት። በወጋችን ባል እንግዳ ነውና እኔ በሚስቴ ቤት በጉቶ ላይ እንዳለ አመድ ነኝ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር እበናለሁ። ሥልጣን ያለኝ በእናትሽ ቤት ብቻ ነው፣ እዚያም ብሆን ከአራቱ አላልፍም።

እናትሽ ድምፅዋ ትንሽ ዘግቷታል። ጉንፋን ነው። ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ሻፍሪል


ጃካርታ፣ ማርች 18 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለዳቱክ ከታላቅ ምስጋና ጋር ይንገሩልኝ፦ ሐሰተኛ ሙሽራ አልሆንም። ዳክዬ ሻጩ ምን በደለ! አንድ ሐሰት ማሽን ውስጥ ጽፌ አንዲት ሴት አስመልሻለሁ፣ ሌላ ሐሰት ደግሞ በወጋችን ላይ አልጨምርም። ሳቄን ግን አልደብቅዎትም። የእኛ ፕሮግራም አስራ አንድ የብድር ምክንያት አለው፣ ተበዳሪው ጣቱን አሳርፎ ይመርጣል። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርትን አንደኛ ላይ አስቀመጥኩት። ቀብር የለበትም። ወጣቶች ነንና፣ ሞት ትዝ አላለንም።

የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልዩነት እንዲህ ነው። የጃካርታው ባንክ እንዴት እንደሚመራ ነው የሚያስተምረው፤ ቴክኖሎጂው እንደ ቅመም ጣል ተደርጎበታል። የሲንጋፖሩ እኩል በእኩል ነው። ከባንክ የመጣ አንድ ሰውና ከኮምፒዩተር የመጣ አንድ ሰው ጎን ለጎን አስቀምጠው አብራችሁ ሥሩ ይሏቸዋል። ወረቀት የሌለውን ሰው እንዴት ማመን ይቻላል የሚል አንድ ሙሉ ትምህርትም አላቸው። ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተመላለስኩ። የጃካርታው ደግሞ ሥራዬን አያስለቅቀኝም፣ በየበዓሉ እቤት እመጣበታለሁ። ልቤ ሲንጋፖር ነው፣ ኪሴ ጃካርታ ነው።

እናቴ የቱን ትላለች? ይጠይቁልኝ። ስደውልላት «አይሰማም፣ አይሰማም» እያለች ትዘጋዋለች። ደግሞ የምን ጉንፋን ነው ወር የሚቆየው?

ዊርዳ


ከመንደር፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2018

ለዊርዳ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ዘገየሁብሽ፣ አትቀየሚኝ። ከእናትሽ ጋር ሁለት ጊዜ ቡኪቲንጊ ከተማ ሄደን ነበር፣ ለበዓል ጨርቅ ልትገዛ። ሁለት ጊዜ ለምን እንዳትዪኝ፣ ሴት ጨርቅ ስትመርጥ ታውቂያለሽ።

እንዳልሽኝ ጠየቅኳት። ሁለቱንም አስረዳኋት፣ ቅመሙን ሳይቀር። ሁሉንም ሰምታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?» አለችኝ። የሲንጋፖሩ አልኳት። «እሱን ትያዝ። ሁለት ዓመት ረጅም ነው።» ምን እንዳስቸኮላት ብጠይቃት ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ሐኪሙ ብዙ አታውሪ ብሏታል። ስትደውዪ ካላነሳች ክፉ አታስቢ። አክስትሽ ማርኒ በስልኳ ድምፅዋን እየቀዳች ትልክልሻለች፣ አጠር አጠር እያደረገች።

ክፍያውን በሚመለከት መላ የለኝም፤ ዳቱክም የለውም። ዳክዬ ሻጩ ግን አሁንም አላገባም።

አጎትሽ


ጃካርታ፣ ጁን 28 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከበዓሉ በሰላም ገብቻለሁ። የሰጡኝን የሙዝ ጥብስ አውቶቡስ ላይ ጨረስኩት፣ አጠገቤ ለተቀመጡት አልሰጠሁም።

እናቴ ከስታለች። ጾሙ ነው አለችኝ። ማርኒም ጾሙ ነው አለች። እርስዎም ጾሙ ነው አሉ። ሦስት ሰው ቃል ሳይለውጥ አንድ ነገር ሲናገር በእኛ መሥሪያ ቤት ያጠራጥራል። አንድ ሌሊት አብሬያት ስተኛ ፀጉሬን ስታበጥር አደረች። ከልጅነቴ ወዲህ አድርጋው አታውቅም። ስለ ባንኩ ማሽን ጠየቀችኝ፣ ዝርዝሩ ላይ ምን ምን እንዳለ። አንድ ባንድ አስቆጠረችኝ። እስክጨርስ ድረስ ሰማችና «ጎበዝ» አለችኝ።

ሲንጋፖር ተቀብሎኛል። ክፍያው እስከ ጁላይ 31 ካልገባ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ያጠራቀምኩት ግማሹንም አይሞላም። ስለዚህ ወስኛለሁ፣ ጃካርታ እማራለሁ። እናቴንም በየሦስት ወሩ አያታለሁ። እውነቱን ልንገርዎ? ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ በሦስተኛው ቀን ቀለለኝ። ለእሷም በድምፅ ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ተቀይማ ይሆን?

ዊርዳ


ከመንደር፣ ጁላይ 15 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለዊርዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ ደህና ነን።

ታችኛው ማሳ በመያዣ ተሰጠ። በሦስተኛው ምክንያት ነው፣ በጣሪያው። ትልቁ ቤታችን ያፈስ ነበር፣ አንቺም በበዓሉ ባልዲ ስትደቅኚ ነበር። ከጣሪያው የሚተርፈው ለትምህርትሽ ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹ ዝም ብለዋል። የጃካርታውን ሰርዢው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የዳቱክ ወረቀት ነው። የቤቱ ሴት ልጅ ካልፈረመች በወጋችን አይጸናምና ፈርመሽ በማግስቱ መልሺልኝ። ቋንቋው የእኛው ቢሆንም በአረብ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ዳቱክ በሌላ አይጽፍም። ልጅ ሳለሽ እሱን ከማጥናት ዓሣ ኩሬው ዳር መጫወት ትመርጪ ስለነበር አንቺ እንደማታነቢው አውቃለሁ። የሚለው ስለ ጣሪያው ነው። ፈርሚው።

አትምጪ። ጊዜ የለሽም፣ መንገዱም ወጪ ነው። እናትሽ «ቶሎ የሚያልቀውን ትያዝ» ብላለች፣ ከእንግዲህ ቃሏን አትለውጥም።

ስለ ዶሚኖ የምጽፈው የለኝም። እስክሪብቶው እያስቸገረኝ ነው፣ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

አጎትሽ ሻፍሪል


ሲንጋፖር፣ ኦገስት 26 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይኸው ደረስኩ! ማደሪያዬ ሐጃ ሳዖዳ የሚባሉ የማሌይ አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ስገባም ስወጣም ይቆጡኛል፣ ሳህኔ ላይ ሩዝ ከቀረ ደግሞ አያስወጡኝም። እርስዎን የሚመስሉ ናቸው።

ትምህርቱ እንዴት ነው ቢሉኝ፣ ራስ ያዞራል፣ ግን የፈለግሁት እሱን ነበር። ከአንድ የባንክ ሰው ጋር ተቀምጫለሁ። እኔ ስለ ኮዱ ሳወራ ያፋሽካል፣ እሱ ስለ ወለድ ሲያወራ እኔ አፋሽካለሁ። መምህራችን የመጀመሪያውን ቀን «ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ» ብሎ ጀመረ። ዳቱክ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ።

እናቴ በየአርቡ ድምፅ ትልክልኛለች። «ልጄ፣ በልተሻል?» ትለኛለች። በልቻለሁ፣ ይህን በላሁ ብዬ እልክላታለሁ። በሚቀጥለው አርብ አሁንም «በልተሻል?» ነው። ጣሪያው አለቀ ወይ ብላት አትመልስልኝም፣ በረደሽ ወይስ ሞቀሽ ብላት አትመልስልኝም። ሐኪሙ መልስ መስጠትም ከለከላት እንዴ?

የጣሪያውን ፎቶ ማርኒ አንስታ ትላክልኝ። ማሳችንን የሰጠንለትን ጣሪያ ባየው ደስ ይለኛል።

ዊርዳ


ከመንደር፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2018

ለዊርዳ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ጣሪያ ጣሪያ ነው፣ ምን ፎቶ አለው።

ስለ ኢማሙ እንዳትጠይቂኝ፣ ዶሚኖ ትቻለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ጉልበቴን ያመኛል። ከሰዓት በኋላ እናትሽ ቤት ሄጄ ዓሣዎቹን አበላለሁ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ለሐጃ ሳዖዳ ሰላም በይልኝ። ሲቆጡሽ አትመልሺላቸው። የፈተናሽን ቀን ጻፊልኝ፣ እስከዚያ ሌላ ነገር አትጠይቂኝ ልጄ።

አጎትሽ


ሲንጋፖር፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2018

አጎቴ፣

ሰላምታ የለኝም።

ወረቀት የሌለውን ሰው ስለማመን የምንማረው ትምህርት ላይ አንድ ሥራ ነበረብኝ። የእኛ ጎሳ ማሳ እንዴት እንደሚያስይዝ ለክፍሉ ላሳይ አሰብኩ። ኩራት ይዞኝ ነበር። የዳቱክን ወረቀት ከመመለሴ በፊት ፎቶ አንስቼው ስለነበር ስልኬን ይዤ ሐጃ ሳዖዳ ጋ ሄድኩ፤ ቋንቋችን ይቀራረባል፣ እሳቸው ደግሞ የአረብ ፊደሉን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «እኛ የጎሳው ሽማግሌዎች ታችኛውን ማሳ በመያዣ የሰጠነው በቤቱ መሃል አስከሬን ተጋድሞ ስላየን ነው።»

«ሐጃ፣ ተሳስተዋል፣ ጣሪያ ነው የሚለው» አልኳቸው። «ጣሪያ የሚል የለበትም» አሉኝ። ቀጠሉ። ከዚያ አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ዩስማኒያር ማን ናት?» አሉኝ።

እስቲ አሁን እርስዎ ይመልሱላቸው። ዩስማኒያር ማን ናት?

ወረቀቱ ላይ የእናቴ ፊርማ እንደሌለ ያን ጊዜም አይቼ ነበር። ዳቱክ ረስቶት ነው ብዬ አለፍኩት። ኮድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ስትጎድል የማላልፍ ሰው ይህን አለፍኩ። ማርኒ ጋ ደወልኩ። አነሳችና አለቀሰች፣ ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። ከትናንት በስቲያ አርብ እናቴ «በልተሻል?» ብላኛለች። እኔም የበላሁትን ነግሬያታለሁ።

ማን ነው ያጠባት? እናቴን ማጠብ የእኔ ነበር። ይጻፉልኝ። ካልሆነም ይተዉት። ከእንግዲህ ምንዎን ልመን?

ዊርዳ


ከመንደር፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2018

ልጄ ዊርዳ፣

ዩስማኒያር እህቴ ናት። ታናሼ ናት፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት። ጁላይ 12 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሞተች። ያጠባት ማርኒ ናት፣ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር። እውነትሽን ነው፣ ያንቺ እጅ ነበር ሊሆን የሚገባው። እሱን ወሰድኩብሽ፣ መመለሻም የለውም።

ቡኪቲንጊ ጨርቅ አልገዛንም፣ ሆስፒታል ነበርን። ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር በሽታው፣ ዘግይቷል አሉን። ያን ሰሞን ነው «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?» ያለችኝ። አንድ ዓመት የምትደርስ መስሏት ነበር። ስትጨርሺ ልታይ ፈልጋ ነው።

በበዓሉ ልነግርሽ ስል እጄን ቆነጠጠችኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ማርኒን አጠገቧ አስቀምጣ ድምፅዋን ቀዳች። «በልተሻል?» ብቻ የምትለው ሌላ ነገር ካለች ጥያቄሽን እንዳትስት ብላ ነው። «ምንጊዜም የሚጠየቅ እሱ ነው» አለች። ከዚያ ጃካርታ ብለሽ እንደወሰንሽ ሰማች። ጠራችኝ። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጆሮ የለኝም፣ አፏ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት።

«ሻፍሪል፣ አራቱን ቁጠርልኝ» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ቁጠር አልኩህ!»

ገና አንደኛውን ስጠራ እጇን አነሳች። «በልጄ ማሽን ላይስ አንደኛው ምንድን ነው?»

«ትምህርት።»

«ታዲያ ምን ታካብዳለህ? እኔ እንደሁ መጋደሜ አይቀር። አንደኛውን ባንደኛው ለውጥ።» ብላ ሳቀች። ያ የመጨረሻ ሳቋ ነው።

«ትምጣና ትይሽ» አልኳት፣ ለመንኳት። «ከመጣች አትመለስም። አልቅሳ እዚሁ ትቀመጣለች። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ንብረት እንደሌላት ትቀራለች» አለችኝ። ቁርዓን አስያዘችኝና አስማለችኝ።

አስከሬኗ ከቤት ሳይወጣ ዳቱክ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ማስቀበሪያው ምን ያህል ነው?» አለኝ። «ብዙ ነው» አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ ጻፈ። የፈረሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ገብቷቸዋል፤ ወጉን አጠፍን እንዳይባል ማናቸውም አይናገሩም። በሰባተኛው ቀን ሻይና ሙዝ አቀረብኩ። ሥጋ የለ፣ በቀርከሃ የበሰለ ሩዝ የለ። መንደሩ «ሻፍሪል ማሳውን አስይዞ እህቱን እንደ መንገደኛ ቀበራት፣ ገንዘቡን የት አደረሰው?» ይላል። ዶሚኖ የተውኩት ጉልበቴን አሞኝ አይደለም። ጣሪያውም ዛሬም ያፈሳል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳድል፣ መርዶ የያዘ ቴሌግራም እንኳ አንድ ቀን አሳድሬ አላውቅም። በዝናብ ሄጃለሁ፣ በጎርፍ ሄጃለሁ፣ ሰው ሊመታኝ እስኪነሳ ደጁ ላይ ቆሜ አንብቤያለሁ። ያንቺን መርዶ ግን አራት ወር አሳደርኩት። ከፈተናሽ በኋላ ልነግርሽ ነበር። ይህን ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ካስቀዳቻቸው ድምፆች አንድ ቀርቷል። «የጨረሰች ዕለት ላኩላት» ብላናለች። ምን እንዳለችበት አላውቅም፣ ማርኒንም አስወጥታ ብቻዋን ነው የቀዳችው።

አሁን ያንን ትምህርት ልትተዪው ነው? ብትተዪው አልፈርድብሽም።

አጎትሽ


ሲንጋፖር፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2018

ለአጎቴ ለሻፍሪል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታውን መልሻለሁ፣ ይቅርታው ገና ነው። እየሞከርኩ ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ይቅር ብያችሁ እነሳና ምሳ ሳይደርስ ተመልሼ እናደዳለሁ፤ በእርስዎ፣ በማርኒ፣ ከሁሉም በላይ በእሷ። በእናት መናደድ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ፀጉሬን ስታበጥር ያደረች ሌሊት ነግራኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እነዚያኑ ሰዓታት አመላልሳቸዋለሁ።

ሐጃ ሳዖዳ ደብዳቤዎን አስነበቡኝ። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ስመለስ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቶ አገኘሁት። ለእናቴ ቁርዓን አስቀሩላት፣ በትልቅ ድስት ሩዝና ሥጋ ሠሩላት። እናቴን አይተዋት የማያውቁ ሴቶች ስሟን እየጠሩ ዱዓ አደረጉላት። እንደገና አለቀስኩ፣ ግን በሰው መሃል ነው ያለቀስኩት፣ ይሻላል። እናንተ ያልደገሳችሁት እዚህ ተደግሷል፣ ይወቁልኝ።

አልተወውም። የመንፈቁ ፈተና ዲሴምበር 3 ያልቃል፣ እፈተናለሁ። ብተወው በከንቱ ተጋደመች ማለት ነው። ያቺን ሴትዮ የመለሰችውን መስመር እንዴት እንደማስተካክል አሁን እየገባኝ መጥቷል፤ አጠገቤ የሚቀመጠው የባንክ ሰውም ማፋሸኩን ትቶ እየጠየቀኝ ነው። ለክፍሉ ስለ አራቱ ምክንያቶች ስናገር አንደኛው ላይ ድምፄ ተቆረጠ። መምህሩ ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ቀጠልኩ።

ዲሴምበር 5 እመጣለሁ። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እንዳይመጡ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል። በማግስቱ ዶሚኖ ቤቱ አብረን እንሄዳለን። ሴት አይገባበትም እንዳይሉኝ፣ እገባለሁ። እርስዎ አጠገብ ተቀምጬ «የማሳው ገንዘብ ያለው እኔ ላይ ነው» ብዬ በሙሉ አፌ እነግራቸዋለሁ። ወጉን ያጠፈ ሰው ካለ እኔም ፈርሜበታለሁ።

የመጣሁ ዕለት ግን ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቤቱ መሃል የተጋደመችበትን ቦታ ያሳዩኝ። ምንጣፌን እዚያ ነው የማነጥፈው፣ ጣሪያው ቢያፈስብኝም።

የቀረውን ድምፅ አሁን እንዳትልኩልኝ፣ ማርኒም እንዳትከፍተው። ጁላይ ላይ ትምህርቱን ስጨርስ መጥቼ እዚያው ቦታ ተኝቼ እሰማዋለሁ። እስከዚያ እናቴ ገና ያልነገረችኝ ነገር አላት።

የእህትዎ ልጅ ዊርዳ